ጠያቂውን ማን ይጠይቀዋል?

የሰውን ልብ ለማወቅ መመኘት ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር ነው። ዳኛው በችሎቱ፣ የነፍስ አባቱ በንስሐው፣ ነጋዴው በገበያው፣ የጦር አለቃው በሰፈሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየጉዳያቸው የሰውን ሐሳብ ከተሰወረበት ለማውጣት ሲደክሙ ኖረዋል። በእኛ ዘመን ግን ይህ ምኞት ስም ወጥቶለትና መማሪያ ክፍል ተሰጥቶት፣ የማኅበራዊ ኑሮ ሥነ ልቡና ተብሎ ከዕውቀት ዘርፎች አንዱ ሆኗል። የዚህ ትምህርት ተግባሩ ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚያምን፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ስለ ምን እንደሚተባበርና ስለ ምን እንደሚጣላ መመርመር ነው። መሣሪያዎቹም ብዙዎች ናቸው፤ የጥያቄ ወረቀት፣ ሙከራ፣ ቃለ ምልልስ፣ በዓይን አይቶ መመዝገብ፣ ይህንንም ሁሉ በቍጥር ደምሮና አካፍሎ መመዘን።

ዛሬ ለአንባብያን ለማቅረብ ያሰብነው በዚህ ትምህርት ውስጥ ስላለ አንድ የኅሊና ጥያቄ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም መምህራንና ተማሪዎች፣ በየጊዜው ወረቀትና እርሳስ ይዘን በሰው ደጃፍ እንቆማለን። «ጥቂት ጥያቄ አለን» እንላለን። ሰውን ስለ ገዛ ኑሮው የመጠየቅ መብት ያገኘነው ከወዴት ነው? እውነቱን ቢነግረን ምን ዕዳ ይሆንብናል? ባይነግረንስ ጥፋቱ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የተወለደብን በመጽሐፍ ንባብ አይደለም፤ በሥራችን ላይ ሳለን ነው። ስለዚህ አስቀድመን የደረሰብንን እንተርካለን።

አንባቢ እንደሚያውቀው ቦሌ ሲባል ቶሎ በዓይነ ኅሊና የሚመጣው የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ሰፊው ጎዳናና ፎቁ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደዚያ ሲዛወር ግን አካባቢው እህል የሚዘራበትና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር። ከተማውም ማረፊያውን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ተስፋፋ። የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለት ኮንዶሚኒየም የተባለው ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሙከራ የተጀመረው በዚሁ አካባቢ፣ በገርጂ ነው፤ ከዚያም በሰሚትና በአያት እያለ ቦሌ አራብሳ ደረሰ። ቦሌ አራብሳ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለሚ ኩራ በተባለው አዲስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይቈጠራል፤ በስሙ ግን ዛሬም ቦሌን ይዞ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛና አንድ የሥራ ባልደረባችን ታዝዘን ወደዚያ ሄድን። የተላክንበትም ጉዳይ ነዋሪው በአዲሱ መኖሪያው ያለውን ማኅበራዊ ኑሮ ለማጥናት ነበር። ነዋሪው ከየአቅጣጫው የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ብዙ ዘመን ከቈጠበ በኋላ ዕጣ የደረሰው፣ ሌላው በመሐል ከተማ የነበረው መንደሩ ሲፈርስ ምትክ የተሰጠው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከባለ ዕጣው የተከራየ ነው። በእጃችን የነበረው የጥያቄ ወረቀት ለእያንዳንዱ ጥያቄ አምስት መልስ አሰልፏል። አንድ ማለት «ፈጽሞ ደስተኛ አይደለሁም»፣ አምስት ማለት «እጅግ ደስተኛ ነኝ» ነው። የእኛ ሥራ ከአምስቱ አንዱን መክበብ ብቻ ነበር።

በአንድ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀበሉን። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የመጡትም ከአራት ኪሎ በታች ከነበረ አሮጌ መንደር ነው። እንግዳ ያለ ቡና አይሸኝም ብለው ከሰል አያያዙና ረከቦት አቀረቡ። እኛም ቡናው እስኪፈላ ሥራችንን ጀመርን።

«ከጐረቤቶችዎ ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዴት ነው?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምን ይጐድልብኛል?» አሉ። አምስትን ከበብን።

«ቤቱስ ተስማምቶዎታል?»

«ውኃው በቤት፣ መብራቱ በቤት፤ መንግሥት ይክበር፤ ምን ይወጣለታል?» አሉ። አሁንም አምስትን ከበብን።

አቦሉን ሲቀዱልን እርሳቸው በተራቸው ጠየቁን። «እናንተስ ልጆቼ፣ የየት ሰፈር ልጆች ናችሁ? እናት አባት በሕይወት አሉ?» አሉን። ባልደረባችን ሰዓቱን አየ። እኛም «እማማ፣ ይህ እንኳ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ጥቂት ስለ ቀረን እንጨርስ» አልናቸው። ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ቶናው ላይ ሥራችንን ጨረስን፤ ወረቀቱንም አጥፈን ከቦርሳ ከተትን። በረካው ሲቀዳ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ የጻፋችሁት ቤቱን አያስወስድብኝም አይደል?» ሲሉ ጠየቁን። እንደማያስወስድባቸው አረጋገጥንላቸው። ያን ጊዜ ረዥም ትንፋሽ ተንፍሰው እንዲህ አሉን፦ «እንግዲያውስ ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት የከፈልኩበት ዕድር እዚያው ቀርቷል። እዚህ ብሞት ጥሩንባው ማን ዘንድ ይደርሳል? ሬሳዬንስ ማን ያነሣል? ይህን እያሰብኩ ሌሊቱ አይነጋልኝም። በሬን ስዘጋው መቃብር የገባሁ ይመስለኛል፤ ስከፍተው ደግሞ የማላውቀው ሰው በደረጃው ያልፋል። ይኸው ነው ኑሮዬ።»

እጅግ አዘንን፤ እንደ ባህላችንም አጽናናናቸው። ነገር ግን ወረቀቱን ከቦርሳው አላወጣነውም። ሥራው ተፈርሞበት አልቆ ነበር፤ ሌሎች ብዙ ቤቶችም ይጠብቁን ነበር። ደግሞም በረካ ላይ ስለ ተነገረ ነገር የሚናገር ሣጥን በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥናቱ ተጠናቆ በአንድ አዳራሽ በሥዕላዊ መግለጫ ሲቀርብ፣ የደስተኞቹ ዐምድ ከሁሉ ረዝሞ ታየ። ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት መካከል እኛም ነበርን።

እንግዲህ እኚያ እናት ዋሽተውናልን? ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ አላገኘነውም። እኛ የጠየቅናቸውና እርሳቸው የሰሙት ጥያቄ የተለያየ ነበር። እኛ «ከጐረቤት ጋር እንዴት ነዎት?» ስንል፣ እርሳቸው የሰሙት «ቤት በሰጠዎት አካል ላይ ቅሬታ አለዎት ወይ?» የሚል ነው። ለሰሙት ጥያቄ የሚገባውን ትክክለኛ መልስ ሰጡ። ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም ይሉኝታ ነው። ቤቱ ድረስ ለመጣ እንግዳ ችግርን መዘርዘር በእኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ መልሳቸው ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹም መልካም አስተዳደግ ነበር። ወረቀታችን ግን ሁለቱንም «ደስታ» ብሎ መዘገባቸው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሪቻርድ ላፒየር ያደረገው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ቻይናውያን በአሜሪካ እጅግ በሚናቁበት ዘመን፣ ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከሚስቱ ጋር አገሩን ዞረ። በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገብተው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ። ከወራት በኋላ ላፒየር ለእነዚያው ቤቶች «ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁን?» የሚል ወረቀት ላከ። መልስ ከሰጡት 128 ቤቶች ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት «አናስተናግድም» አሉ። ጥናቱ የታተመው በ1934 ነው። በዚያ አገር ወረቀቱ ከሥራው ይልቅ ክፉ ሆኖ ተገኘ፤ በቦሌ አራብሳ ደግሞ ወረቀቱ ከኑሮው ይልቅ ጣፋጭ ሆነ። በሁለቱም ዘንድ ሰው በወረቀት ፊት አንድ፣ በሰው ፊት ሌላ መሆኑ ተገልጧል።

ሊቃውንቱም ይህን አላጡትም። ክራውንና ማርሎ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ምሁራን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ሰው ራሱን መልካም አስመስሎ ለማሳየት ያለውን ፍላጎት የሚመዝኑ 33 ዓረፍተ ነገሮች አዘጋጁ። የረቀቀ መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ያሳስበናል። እንዲህ ያለው ሚዛን የሚመዝነው ሁልጊዜ መላሹን ነው። ጐደሎው በተጠያቂው ጠባይ ውስጥ ይፈለጋል። በጠያቂው እጅ ያለው ወረቀት፣ ማኅተሙ፣ የመጣበት መኪና፣ በአንገቱ ያንጠለጠለው መታወቂያ ምን ያህል ፍርሃት እንደሚያሳድር የሚመዝነው ማን ነው?

የጠያቂው ሥልጣን ምን ያህል ከባድ መሆኑን ከማንም ይልቅ አጕልቶ ያሳየው ስታንሊ ሚልግራም ነው። ይህ ምሁር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1961 ጀምሮ በዬል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ፣ ተራ ሰዎችን «ስለ ማስታወስና ስለ ትምህርት የሚደረግ ጥናት ነው» ብሎ ጠራቸው። በሌላ ክፍል የተቀመጠ ሰው በተሳሳተ ቍጥር ኃይሉ እየጨመረ በሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲቀጡት አዘዛቸው። በ1963 በታተመው ጽሑፍ እንደ ተገለጠው፣ ከ40 ሰዎች 26ቱ ያ ሰው ግድግዳ ሲደበድብ እየሰሙ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ታዘዙ። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ ተቀጣ የተባለውም ሰው የመርማሪው ተባባሪ ነበር። ብዙዎች ከዚህ ሙከራ የተማሩት ተራ ሰው ለባለ ሥልጣን እንዴት እንደሚታዘዝ ነው። እኛ ግን ሌላ ትምህርት ጨምረንበታል። የታዘዙት ለንጉሥ ወይም ለጄኔራል አልነበረም፤ የላቦራቶሪ ካፖርት ለለበሰ አንድ ተመራማሪ ነው። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች የሥነ ልቡና ምሁርም በ1964፣ በዚያ ክፍል ያላቡና የተንቀጠቀጡ ሰዎች ስለ ተታለሉበትና ስለ ደረሰባቸው ጭንቀት ሚልግራምን በጽሑፍ ወቀሰችው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪ ተጠያቂውን አስቀድሞ ፈቃዱን እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ደንብ እየጠነከረ ሄዷል።

ደግሞ ከመሣሪያዎች ሁሉ የከበረ የሚባለው በዕጣ የሚደረግ ሙከራ ነው። ሰዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ለአንዱ ወገን አንድ ነገር ይደረጋል፣ ለሌላው አይደረግም፤ ከዚያም ልዩነቱ ይታያል። የአዲስ አበባ ሰው የዚህን ጥበብ ምሥጢር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ አይቷልና። ተመራማሪዎችም የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን በማነጻጸር በዚሁ ዕጣ ተጠቅመዋል። ነገር ግን በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ የተመዝጋቢዎቹ መረጃ ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰርዞ፣ እንደገና የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከዚህም የምንማረው ዕጣ ራሱ አድልዎ ባያውቅም፣ መዝገቡን የሚይዘው እጅ ሁልጊዜ የሰው እጅ መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ይህ ትምህርት በራሱ ላይ የሰጠውን ምስክርነት ማስታወስ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ጆሴፍ ሄንሪክና ሁለት ባልደረቦቹ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በታወቁት የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች ከመቶ 96ቱ የተገኙት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች መሆኑን አሳዩ። በ2015 ደግሞ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የታተሙ ጥናቶችን እንደገና ቢሠሯቸው፣ የመጀመሪያው ውጤት የተደገመላቸው ከአርባ በታች ነበሩ። እንግዲህ ስለ «ሰው» ተብሎ በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ ስለ አራት ኪሎዋ እናት የተጻፈ ነው ብለን እንዳናምን ራሱ ሳይንሱ ይመክረናል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ጥያቄን የለመደው ከዘመናዊው የጥያቄ ወረቀት በፊት ነው። በቀድሞ ዘመን በአንድ አገር ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ጥፋተኛው ሲሰወር አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙም አፈርሳታ፣ ይደረግ ነበር። ነዋሪው በሜዳ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እየማለ እንዲናገር ይገደዳል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣም ስብሰባው ይመላለሳል። ከዚህም የከፋ ሌባሻይ ነበረ። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ጠጥቶ ይለቀቅና ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። መሣሪያው አመለከተ፤ የተመለከተበት ሰው ግን ለልጁ መልስ መስጠት አይችልም። እኛ ዛሬ በሌባሻይ እንስቃለን። ነገር ግን ድሃው በአምስት ቍጥር ተለክቶ «ደስተኛ» በተባለ ጊዜ፣ ለቍጥሩ በምን አፉ ይመልስለታል?

እንዲህ ባለ ታሪክ ያለፈ ሕዝብ የተጠያቂነት ጥበብ ቢያዳብር አያስደንቅም። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ቃል ይህን ጥበብ ይገልጣል። ቅኔያችን ያስተማረን የሰምና ወርቅ አነጋገርም እንዲሁ፤ ላዩን ለሚሰማው አንድ፣ ውስጡን ለሚያውቀው ሌላ ይናገራል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ያለው ይህን ጠባይ የአማራ ባህል ቍልፍ አድርጎ ስለ ቈጠረው ነው። ሌቪን በመንዝ ከገበሬው ጋር ኖሮ ተመልክቷል፤ ለተማሪዎችም የጥያቄ ወረቀት አድሏል። መጽሐፉ ብዙ አስተምሯል፤ ብዙም አከራክሯል። እኛን የሚያሳስበን ግን አንድ ነጥብ ነው። ሰም ለበስ አነጋገርን የለመደ ሰው በአምስት ሣጥን ፊት ሲቀርብ፣ ሣጥኑ የሚይዝለት ሰሙን ብቻ ነው። ወርቁ የሚገኘው ጠያቂው ጊዜ ሲሰጥ፣ ሲቀመጥ፣ ሲመላለስ፣ ሲታመንም ነው። በረካው እስኪቀዳ ያልጠበቀ ሰው ወርቅ አገኘሁ ሊል አይገባውም።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ አንባቢ «እንዲህስ ከሆነ ቍጥርና የጥያቄ ወረቀት ይቅሩ፤ ሁሉም ቡና እየጠጣ ይጨዋወት» ይል ይሆናል። ይህ የሰነፍ መደምደሚያ ነው። ቍጥር የሌለበት አገር ጩኸቱ የበረታ ሰው ብቻ የሚሰማበት አገር ይሆናል። ለዚህም ከሩቅ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በኤል ሳልቫዶር ይኖር የነበረው ኢግናሲዮ ማርቲን ባሮ ካህንም የሥነ ልቡና ምሁርም ነበር። አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ፣ መንግሥትም «ሕዝቡ እንዲህ ያስባል» እያለ በስሙ ሲናገር፣ ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ተቋም በዩኒቨርሲቲው አቋቋመ። ተራው ሰው በእውነት የሚያስበውን ጠይቆ፣ ቈጥሮ አሳተመ። ቍጥሩም በሕዝብ ስም የሚነገረውን ሐሰት አጋለጠ። ኖቬምበር 16 ቀን 1989 ወታደሮች ሌሊት ገብተው እርሱንና አምስት መነኰሳት ወንድሞቹን፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛቸውንና ልጇን ገደሏቸው። እንግዲህ ያው የጥያቄ ወረቀት በእኛ እጅ የአንዲትን እናት እንቅልፍ ማጣት ሸፈነ፤ በማርቲን ባሮ እጅ ደግሞ የተሸፈነውን ገለጠ። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱን የያዘው ሰው ከማን ጋር እንደ ቆመና የሰማውን ለማን እንደሚያደርስ ላይ ነው።

በአገራችንም ቢሆን የሚያኮራ ምሳሌ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ተጀምሮ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በ20 ሥፍራዎች 3,000 ያህል ሕፃናትን እየተከተለ ኖሯል። ሕፃናቱ አድገው ወጣቶች እስኪሆኑ ድረስ ተመራማሪዎቹ በየጥቂት ዓመቱ ወደ እነዚያው ልጆች ተመልሰዋል፤ ቈጥረዋል፤ ከከፊሎቹም ጋር ቁጭ ብለው ታሪካቸውን አድምጠዋል። ተመልሶ የሚመጣ ጠያቂ አንድ ጊዜ ወረቀት ሞልቶ ከሚሰወር ጠያቂ ይልቅ ይታመናል፤ ያለፈውን ስሕተቱንም ለማረም ጊዜ ያገኛል።

ሌላም ጥፋት በራሳችን ላይ አግኝተናል። በቦሌ አራብሳ የጠየቅነው በሕንጻዎቹ ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ ነው። ሕንጻዎቹ የቆሙበት መሬት ግን ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት ነበር። የሚያርሱትም በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው፤ የየሥፍራውን ስም ያወጡትም የእነርሱ አባቶች ናቸው። መሬቱ ለቤት ሥራ ሲፈለግ ካሳ ተሰጥቷቸው ተነሡ። በዝርዝራችን ውስጥ የቤት ቍጥር ያለው ሁሉ ነበረ፤ የቤት ቍጥር የሌለው ገበሬ ግን አልነበረም። በቋንቋውም የተጻፈ ጥያቄ አልያዝንም። በጥናት ዘንድ ናሙና ማለት ከብዙው ጥቂቱን መርጦ መውሰድ ነው። ነገር ግን «ብዙው» እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ የሚወስነው ጠያቂው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አንድ ፍርድ ተፈርዷል፤ እርሱም የማን ኑሮ ይጠየቃል፣ የማንስ አይጠየቅም የሚለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም ብለን እናስባለን። አባቶቻችን ሲሟገቱ ተጠየቅ ልጠየቅ የሚባል ሥርዐት ነበራቸው። በዚያ ሙግት አንዱ «ተጠየቅ» ብሎ ሌላውን ሲጠይቅ፣ እርሱም በተራው «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። ባላገሩ ከመኰንኑ ጋር ቢሟገት እንኳ፣ በችሎቱ ፊት ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ይመጣል። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ትልቅ የኅሊና ሕግ አለ፤ እርሱም ያልተጠየቀ ሊጠይቅ አይገባውም የሚል ነው።

ይህን ሕግ ወደ ሥራችን ብናመጣው ሦስት ግዴታዎች ይወጡታል። መጀመሪያው፣ ጠያቂው ማን እንደ ላከው፣ መልሱ የት እንደሚሄድ፣ ምን ሊያመጣ ምንስ ሊያስቀር እንደሚችል በሚገባ ቋንቋ ነግሮ፣ «እምቢ» የሚለውንም መልስ በአክብሮት መቀበል ነው። ሁለተኛው፣ ወረቀቱ የማይችለውን ነገር መመዝገብ ነው። ተጠያቂው በምን ላይ ዝም እንዳለ፣ በምን ላይ እንደ ሣቀ፣ ወረቀቱ ከታጠፈ በኋላም ምን እንደ ተናገረ የጥናቱ አካል ሊሆን ይገባል፤ ፈቃዱ ተጠይቆ፣ ስሙም ተሰውሮ። ሦስተኛውና ከባዱ፣ የተገኘውን ውጤት ለባለ ሥልጣኑ ከማቅረብ አስቀድሞ ወይም ከዚያው ጋር፣ ለተጠየቀው ሰው መልሶ ማሰማትና «እንዲህ ነው ያልኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ማድረግ ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈጅ እናውቃለን። ዳሩ ግን በውሸት ላይ የተመሠረተ ዕቅድ የሚፈጀውን ገንዘብ ማንም ሲደምረው አላየንም።

በመጨረሻ አንድ ነገር መናገር ይቀረናል። ባለፈው ጊዜ ወረቀት ሳንይዝ ወደ ቦሌ አራብሳ ተመልሰን ያንኑ በር አንኳኳን። እኚያ እናት አወቁን፤ ቡናም አፈሉ። እኛም ከዓመታት በፊት ጠይቀውን ሳንመልስላቸው የቀረነውን ጥያቄ አስታውሰን መለስንላቸው። የምንኖርበትን ሰፈር፣ አባታችን ማለፋቸውን፣ እናታችንም በገጠር ብቻቸውን መሆናቸውን ነገርናቸው። እርሳቸውም ከሕንጻው ሰዎች ጋር አዲስ ዕድር እየመሠረቱ መሆናቸውን፣ ነገር ግን መዋጮው ገና እንዳልተስማማ አጫወቱን።

ቆይተው «ያ የጻፋችሁት ወረቀት እምን ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁን። የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ እጅግ ደስተኛ እንደ ሆኑ መነበቡንም፣ እኛም ማጨብጨባችንን። ትንሽ ሣቁና ስኒውን አስቀምጠው እንዲህ አሉን፦

«እኔስ ፈርቼ ነው። እናንተ ማንን ፈርታችሁ ነው?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አልነበረንም። ከወረቀታችን አምስት ሣጥኖች አንዱም የሚሆነው አልነበረም። ለጊዜው ያገኘነው መልስ ይህን ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ማቅረብ ነው፤ እንደ እኛ ወረቀት ይዞ በሰው ደጃፍ የሚቆም የሥራ ወንድማችን ሁሉ በራሱ በኩል እንዲመልሰው በአክብሮት እንጠይቃለን።